የፊደል ገበታ ረድፍና ዓምድ በኮምፒዩተር ዘመን

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የፊደል ገበታችን ወደ ኮምፒዩተር እንዴት እንደ ገባ በአጭሩ መመልከትና፣ አቀማመጡ ያልታወቀ መረጃ ሳይጠፋ እንደ ጠፋ የሚቆጠር መሆኑን በማስረጃ ማስረዳት ነው።

የግዕዝ ጽሕፈት በመጀመሪያ ተናባቢውን ብቻ ያሳይ ነበር። በ4ኛው መቶ ዓመት በንጉሥ ዔዛና ዘመን ከተቀረጹት የድንጋይ ጽሕፈቶች መካከል አናባቢ ያልተለየባቸውም የተለየባቸውም ይገኛሉ። እያንዳንዱ ፊደል ሰባት መልክ ከያዘ በኋላ ግን ፊደሉ ተራ ዝርዝር መሆኑ ቀርቶ 33 ረድፍና 7 ዓምድ ያለው ገበታ ሆነ፤ ድምሩም 231 ነው። በጣና ደሴቶችና በዘጌ ፊደል የሚቆጥር ሕፃን «ሀ፣ ሁ፣ ሂ» እያለ ወደ ጎን፣ ወይም «ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ» እያለ ወደ ታች ቢሄድ ገበታው ያው ነው። ጣቱ የሚሄድበትን አቅጣጫ ግን ማወቅ አለበት።

የኮምፒዩተር ማኅደረ ትውስታ አንድ ረዥም መስመር ስለ ሆነ፣ ማናቸውም ገበታ ወደዚያ ሲገባ ወይ በረድፍ ወይ በዓምድ መዘርጋቱ ግድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 የወጣው ፎርትራን ዓምድን ሲያስቀድም፣ ኋላ የመጣው ሲ የተባለው ቋንቋ ረድፍን አስቀደመ። በእኛም ዘንድ ከዩኒኮድ በፊት የአማርኛ ጽሕፈት ፕሮግራም የሠሩ ሰዎች ፊደሉን እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ሥርዓት ስላስቀመጡት፣ በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ይሆን ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ገበታውን እንደ ገበታነቱ ተቀበለው። ከ4608 ጀምሮ ለአንድ ረድፍ ስምንት ቦታ ተሰጠ፤ ሰባቱ ለሰባቱ መልክ፣ ስምንተኛው እንደ «ሏ» እና «ሟ» ላሉት። «ማ» ቍጥሩ 4635 ነው። ከዚህ 4608 ሲቀነስ 27 ይቀራል፤ 27 ለስምንት ሲካፈል 3 ደርሶ 3 ይተርፋል። ከዜሮ ሲቈጠር ሦስተኛው ረድፍ «መ»፣ ሦስተኛው ዓምድ ራብዕ ነው። ረድፉ ሰባት ቦታ ብቻ ያለው መስሎት ለሰባት ያካፈለ ሰው ግን 3 ደርሶ 6 ይተርፈዋል፤ «ማ» የነበረው «ሞ» ይሆንበታል። አንባቢ ልብ ይበል፤ ማሽኑ ስሕተት አለ ብሎ አያስጠነቅቅም።

ይኸው ችግር ዛሬ በማሽን ትምህርት ውስጥ በብዙ እጥፍ አድጎ ይታያል። ቴንሰር ከሁለት በላይ አቅጣጫ ሊኖረው የሚችል የቍጥር ገበታ ነው። አንድ የፎቶግራፍ ክምችት የምስሎቹ ብዛት፣ ቁመት፣ ስፋትና ቀለም አለው። አንዳንዱ መሣሪያ ቀለምን ከቁመትና ከስፋት በፊት፣ ሌላው በመጨረሻ ያስቀምጣል። ስለዚህ እንደ ኤክስኤልኤ እና እንደ ቲቪኤም ያሉ ኮምፓይለሮች ከአንዱ ስሌት ወደ ሚቀጥለው እየተከተሉ አቀማመጡን ራሳቸው ያውቃሉ። መደመር ለሁለቱ እኩል ከሆነ የመጣውን አቀማመጥ ያሳልፋል፤ ኮንቮሉሽን የሚመርጠው አለው፤ በአንድ አቅጣጫ የሚደምር ስሌት የአቅጣጫው ቦታ ሲለወጥ ቍጥሩም ሊታረምለት ይገባል። ሁለቱ ባልተስማሙበት መካከል ኮምፓይለሩ ማገላበጫ ይጨምራል፤ ማገላበጥ ግን ጊዜ ስለሚፈጅ በተቻለ መጠን ያሳንሰዋል። የገበታውን ቅርጽ የሚያፈርስ ስሌት ሲመጣ ግን የአቅጣጫዎቹ ትርጉም ስለሚጠፋ ፍለጋው በዚያ ሊቆም ይችላል። እንግዲህ ኮምፓይለሩ የሚደርስበት ዕውቀት ሁሉ መጀመሪያ ሰው በትክክል ከነገረው የሚመነጭ ነው።

ባሕር ዳር ለዚህ ጉዳይ እንግዳ አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ2019 ከባሕር ዳር ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ብርሃኑ በላይና የሥራ ባልደረቦቻቸው የአማርኛ ፊደል ምስልን በሁለት ክፍል የሚለይ ዘዴ አሳተሙ፤ አንዱ ክፍል የገበታውን ረድፍ፣ ሌላው ዓምዱን ይለያል። በገበታችን ስሌት ከ231 አንዱን ከመምረጥ ይልቅ ከ33 አንዱን፣ ከ7 አንዱን መምረጥ ይበቃል ማለት ነው። የጥንት መምህራን ያዘጋጁት አቀማመጥ ለማሽኑ ሥራውን አቀለለት።

ከዚህ የሚከተለው ግልጽ ነው። በዘንዘልማ ግቢ የሰብል ቅጠል ፎቶግራፍ የሚሰበስብም ሆነ በጣና ገዳማት የብራና መጽሐፍ የሚያነሣ ተማሪ፣ ከቍጥሩ ጋር የቍጥሩን ሥርዓት ጽፎ ማስቀመጥ ይገባዋል። ሥርዓቱ ካልተጻፈ ተከታዩ ትውልድ «ማ»ን «ሞ» ብሎ ያነባል፤ መሳሳቱንም የሚነግረው አያገኝም።