የበይነ መረብ ትምህርት ማስተዳደሪያ ሥርዓትን መጫንና ማሻሻል፦ የሙድል ሶፍትዌርን ለሚጠቀሙ ተቋማትና ተማሪዎች የቀረበ መረጃ

መግቢያ

በበይነ መረብ የሚሰጥ ትምህርትና ሥልጠና የሚመራበት ሶፍትዌር የትምህርት ማስተዳደሪያ ሥርዓት ይባላል። መምህሩ የትምህርት ጽሑፎችንና የቤት ሥራዎችን የሚያስቀምጠው፣ ተማሪው መልሱን የሚያስገባውና የሚፈተነው፣ ውጤትም የሚመዘገበው በዚሁ ሥርዓት ውስጥ ነው። በመሆኑም ሥርዓቱ በአግባቡ ሳይጫን ሲቀር ወይም ያለ ዝግጅት ሲሻሻል የሚደርሰው ጉዳት ከኮምፒውተር ብልሽት ያለፈ ነው። የአንድ ሴሚስተር ውጤት ሊጠፋ፣ የፈተና ሰዓት ሊዛባ፣ ተማሪውም ባላጠፋው ጥፋት ትምህርቱን ዳግም ለመውሰድ ሊገደድ ይችላል።

ይህ ጽሑፍ በበርካታ አገሮች በስፋት ጥቅም ላይ የዋለውን ሙድል የተባለውን ሶፍትዌር መሠረት በማድረግ፣ አንድ ተቋም ሥርዓቱን ከመጫኑ በፊት ሊያሟላቸው የሚገቡ ሁኔታዎችን፣ የአጫጫኑን ቅደም ተከተል፣ ከአንድ ስሪት ወደ ሌላ ስሪት የሚደረግ ማሻሻያ የሚመራበትን ሥርዓት እንዲሁም ተማሪዎች ሊያደርጓቸው የሚገቡ ጥንቃቄዎችን ያብራራል።

1. ስለ ሙድል አጠቃላይ መረጃ

ሙድል በአውስትራሊያዊው ማርቲን ዱጊያማስ የተጀመረ ሲሆን፣ የመጀመሪያው ስሪት ማለትም 1.0 ይፋ የሆነው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው። ሶፍትዌሩ በነጻ የሶፍትዌር ፈቃድ የሚሰራጭ በመሆኑ ማንኛውም ተቋም ያለ ክፍያ ሊያወርደው፣ ሊጠቀምበትና እንደ ፍላጎቱ ሊያስተካክለው ይችላል። ሆኖም ሶፍትዌሩ ነጻ ነው ማለት አገልግሎቱ ወጪ የለውም ማለት አይደለም። ለሰርቨር፣ ለኢንተርኔት መስመር፣ ለመጠባበቂያ ማከማቻና ለሠለጠነ ባለሙያ በየዓመቱ በጀት መያዝ ይኖርበታል።

አንድ የሙድል ሥርዓት ሦስት ክፍሎች አሉት። የመጀመሪያው የሶፍትዌሩ ኮድ ነው። ሁለተኛው የተጠቃሚዎች ስም፣ ምዝገባ፣ የፈተና መልስና ውጤት የሚቀመጥበት የመረጃ ቋት ነው። ሦስተኛው በመምህራንና በተማሪዎች የተጫኑ ፋይሎች የሚቀመጡበት ሙድልዳታ የሚባለው ፎልደር ነው። ከሦስቱ አንዱ ቢጎድል ሥርዓቱ የተሟላ አይሆንም፤ በዚህ ጽሑፍ የሚቀርቡት ጥንቃቄዎች በአብዛኛው የሚያያዙት ከዚህ ጋር ነው።

2. ከመጫን በፊት ሊሟሉ የሚገቡ ሁኔታዎች

ሙድል የሚሠራው ፒኤችፒ በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ሲሆን፣ እንደ አፓቺ ወይም ኤንጂንኤክስ ያለ የድር ሰርቨር እንዲሁም እንደ ፖስትግሬስ፣ ማይኤስኪውኤል ወይም ማሪያዲቢ ያለ የመረጃ ቋት ያስፈልገዋል። እያንዳንዱ ስሪት የራሱ ዝቅተኛ መስፈርት አለው። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2024 የወጣው ስሪት 4.5 ፒኤችፒ 8.1 ወይም ከዚያ በላይ፣ ፖስትግሬስ 13፣ ማይኤስኪውኤል 8.0 ወይም ማሪያዲቢ 10.6.7 ይጠይቃል።

የዲስክ ቦታን በሚመለከት፣ ለኮዱ ብቻ 200 ሜጋባይት ገደማ የሚበቃ ቢሆንም፣ የትምህርት ይዘቶች ሲጨመሩ ቢያንስ 5 ጊጋባይት ቦታ መያዝ ይመከራል። የማስታወሻ (ራም) መጠን የሚወሰነው በአንድ ጊዜ በሚጠቀሙ ሰዎች ቁጥር ነው። በመነሻነት ሲያገለግል የቆየው ስሌት ለእያንዳንዱ 1 ጊጋባይት ራም ከ10 እስከ 20 ተጠቃሚ በአንድ ጊዜ የሚል ነው። በዚህ ስሌት 200 ተማሪዎች በአንድ ሰዓት ፈተና የሚጀምሩበት ተቋም ከ10 እስከ 20 ጊጋባይት ራም ያስፈልገዋል ማለት ነው። ስለሆነም ተቋሙ መጠየቅ ያለበት ስንት ተማሪ ተመዝግቧል ብሎ ሳይሆን፣ በፈተና ቀን ስንት ተማሪ በአንድ ጊዜ ይገባል ብሎ ነው።

የኤሌክትሪክ መቋረጥ በሚያጋጥምበት አካባቢ ሰርቨሩ የኃይል መጠባበቂያ ሊኖረው ይገባል። የመረጃ ቋቱ በመጻፍ ላይ እያለ ኃይል በድንገት ከተቋረጠ መረጃ ሊበላሽ ይችላል። ይህን ማሟላት የማይችል ተቋም ሥርዓቱን አስተማማኝ ኃይል ባለው የመረጃ ማዕከል ውስጥ ማስቀመጥን በአማራጭነት ሊያይ ይችላል።

3. የአጫጫን ቅደም ተከተል

ሀ. የሶፍትዌሩን ኮድ ከሙድል ይፋዊ ድረ ገጽ ማውረድ። ከሌላ ምንጭ የተገኘ ቅጂ ጎጂ ፕሮግራም ሊኖርበት ስለሚችል መጠቀም አይገባም።

ለ. ባዶ የመረጃ ቋት ማዘጋጀት። በማይኤስኪውኤልና በማሪያዲቢ የፊደል አመዳደቡ ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 የሚባለው መሆን አለበት። በአሮጌ አመዳደብ የተዘጋጀ የመረጃ ቋት የግዕዝ ፊደላትን በትክክል ላያስቀምጥ ስለሚችል፣ የተማሪዎች ስም በጥያቄ ምልክት ተተክቶ ሊገኝ ይችላል።

ሐ. የሙድልዳታን ፎልደር ከድር ሰርቨሩ የአደባባይ ክፍል ውጭ ማስቀመጥ። ፎልደሩ በአደባባይ ክፍል ውስጥ ከተቀመጠ የፈተና ወረቀቶችና የተማሪ ፋይሎች ያለ ይለፍ ቃል ለማንም ክፍት ሊሆኑ ይችላሉ። እ.ኤ.አ. በ2025 በወጣው ስሪት 5.1 የአደባባዩ ክፍል በኮዱ ውስጥ ራሱን የቻለ ፎልደር ስለተደረገለት፣ ይህን ስሪት የሚጭን ወይም ወደዚህ ስሪት የሚሸጋገር ተቋም የድር ሰርቨሩን ቅንብር በዚያው ልክ ማስተካከል ይኖርበታል።

መ. የመጫኛ ገጹን በመክፈት የቀረቡትን ጥያቄዎች መመለስ። ሶፍትዌሩ ሰርቨሩን ራሱ ፈትሾ የጎደለውን ያሳያል፤ ጉድለቱ ሳይስተካከል ወደ ቀጣዩ ደረጃ መሄድ አይገባም።

ሠ. ለዋናው አስተዳዳሪ ጠንካራ የይለፍ ቃል መስጠት፣ ግንኙነቱም በኤችቲቲፒኤስ የተመሰጠረ እንዲሆን ማድረግ።

ረ. ክሮን የሚባለውን የጊዜ መርሐ ግብር በየአንድ ደቂቃው እንዲሠራ ማዘጋጀት። የኢሜይል ማሳወቂያዎችና በርካታ የጀርባ ሥራዎች የሚከናወኑት በዚህ አማካይነት በመሆኑ፣ ክሮን ካልሠራ ሥርዓቱ ከላይ ሲታይ ደህና ቢመስልም ማሳወቂያዎች ለተማሪዎች አይደርሱም።

4. የቋንቋ፣ የሰዓትና የቀን አቆጣጠር ቅንብር

ሙድል የአማርኛ የቋንቋ ጥቅል ስላለው ከአስተዳዳሪው ገጽ ላይ መጨመር ይቻላል። ያልተተረጎሙ ክፍሎች በእንግሊዝኛ ይታያሉ።

ከፍተኛ ጥንቃቄ የሚሻው የሰዓት ጉዳይ ነው። የሥርዓቱ የሰዓት ክልል አዲስ አበባ ተብሎ መመረጥ አለበት። ይሁንና ይህ ቢደረግም ሥርዓቱ የሚጠቀመው ከእኩለ ሌሊት የሚጀምረውን አቆጣጠር ነው። አንድ መምህር ከጠዋቱ 3፡00 ሰዓት የሚጀምር ፈተና ሲያዘጋጅ በሥርዓቱ ላይ መሙላት ያለበት 9፡00 ነው። 3፡00 ብሎ ከሞላ ፈተናው የሚከፈተው በአገራችን አቆጣጠር ከሌሊቱ 9፡00 ሰዓት ይሆናል፤ የሁለት ሰዓት ፈተና ከሆነም ተማሪዎች ሳይደርሱበት ይዘጋል። በተመሳሳይ የቀን አቆጣጠሩ በመነሻው የጎርጎርዮሳዊ ስለሆነ፣ ለምሳሌ መስከረም 1 ቀን 2018 ዓ.ም. በሥርዓቱ የሚመዘገበው ሴፕቴምበር 11 ቀን 2025 ተብሎ ነው። ተቋማት በሚያወጡት የፈተና ማስታወቂያ ላይ ሁለቱንም አቆጣጠሮች ጎን ለጎን እንዲጽፉ ይመከራል።

5. ማሻሻል ለምን ያስፈልጋል?

በየጊዜው የሚወጡ ስሪቶች አዳዲስ አገልግሎቶችን ከመጨመራቸውም በላይ የተገኙ የደኅንነት ክፍተቶችን ይዘጋሉ። ክፍተቱ ይፋ ከሆነ በኋላ ያልተሻሻለ ሥርዓት ይበልጥ ለጥቃት የተጋለጠ ይሆናል።

የሙድል ዋና ስሪቶች በዓመት ሁለት ጊዜ ይወጣሉ። ለአንድ መደበኛ ስሪት የደኅንነት ማስተካከያ የሚሰጠው ለ18 ወራት ያህል ሲሆን፣ የረጅም ጊዜ ድጋፍ ላላቸው ስሪቶች ደግሞ ለ3 ዓመታት ነው። ስሪት 4.5 የረጅም ጊዜ ድጋፍ ያለው ሲሆን፣ የደኅንነት ማስተካከያው እ.ኤ.አ. እስከ ጥቅምት 2027 ይቀጥላል። የባለሙያ ቁጥር ውስን የሆነባቸው ተቋማት የረጅም ጊዜ ድጋፍ ያላቸውን ስሪቶች ቢመርጡ ዋና ማሻሻያ የሚያደርጉበት ጊዜ ይቀንስላቸዋል። ይህ ሲሆን ግን በመሃል የሚወጡትን አነስተኛ የደኅንነት ማስተካከያዎች መጫን አይቀርም።

6. የማሻሻያ መንገድና ቅደም ተከተል

ከማንኛውም አሮጌ ስሪት ወደ አዲሱ በአንድ ጊዜ መዝለል አይቻልም። ወደ 4.5 ለመሸጋገር ሥርዓቱ ቢያንስ 4.1.2 መሆን አለበት። በመሆኑም በስሪት 3.9 ላይ ያለ ተቋም በሁለት ደረጃ ይጓዛል። በመጀመሪያ ፒኤችፒ 7.4 ላይ ሆኖ ወደ መጨረሻው የ4.1 ማስተካከያ ይሻሻላል፤ ቀጥሎ ፒኤችፒውን ወደ 8.1 ከፍ ያደርጋል፤ ከዚያም ወደ 4.5 ይሸጋገራል። ፒኤችፒ 8.1 ሁለቱንም ስሪቶች ስለሚያሠራ እንደ ድልድይ ያገለግላል። የመረጃ ቋቱ ስሪትም በተመሳሳይ አስቀድሞ መታየት አለበት።

የማሻሻያው ሥራ በሚከተለው ቅደም ተከተል ይከናወናል።

• ጊዜ መምረጥ፦ ማሻሻያ በምዝገባ፣ በፈተናና በውጤት ማስገቢያ ሳምንታት አይደረግም። የሴሚስተር ዕረፍትና የክረምት ወራት ተመራጭ ናቸው።

• ፕለጊኖችን መፈተሽ፦ ተቋሙ የጨመራቸው ፕለጊኖች ከአዲሱ ስሪት ጋር የሚሠሩ መሆናቸው አንድ በአንድ ይረጋገጣል። የማይሠራ ፕለጊን ካለ ምትኩ አስቀድሞ ይፈለጋል።

• በቅጂ ላይ መሞከር፦ የሥርዓቱ ሙሉ ቅጂ በሌላ ሰርቨር ላይ ተዘጋጅቶ ማሻሻያው በመጀመሪያ በዚያ ላይ ይሞከራል። ሙከራው የሚፈጀው ጊዜ ለእውነተኛው ሥራ የሚያስፈልገውን ሰዓት ለመገመት ያስችላል።

• ማስታወቅ፦ አገልግሎቱ የሚቋረጥበትና የሚመለስበት ቀንና ሰዓት ለመምህራንና ለተማሪዎች ቀደም ብሎ ይገለጻል።

• የጥገና ሁነታን ማብራት፦ ይህ ሁነታ ሲበራ ተጠቃሚዎች መግባት ስለማይችሉ፣ መጠባበቂያ ከተወሰደ በኋላ የገባ መልስ የሚጠፋበት ዕድል አይኖርም።

• መጠባበቂያ ቅጂ መውሰድ፦ ኮዱ፣ የመረጃ ቋቱና ሙድልዳታ ሦስቱም በአንድ ጊዜ ይገለበጣሉ። ከሙድል ውስጥ የሚወሰደው የአንድ ኮርስ መጠባበቂያ የሥርዓቱን ሙሉ መጠባበቂያ አይተካም።

• ኮዱን መተካት፦ የአሮጌው ኮድ ፎልደር ስሙ ተለውጦ ይቆያል፤ አዲሱ ኮድ በንጹሕ ፎልደር ይቀመጣል። አዲሱን በአሮጌው ላይ መገልበጥ የተሰረዙ ፋይሎች እንዲቀሩና ስሕተት እንዲፈጠር ያደርጋል። የሥርዓቱን ቅንብር የያዘው ፋይልና አዲስ ስሪታቸው የወጣ ፕለጊኖች ወደ አዲሱ ፎልደር ይገባሉ።

• ማሻሻያውን ማስኬድ፦ አስተዳዳሪው ወደ ሥርዓቱ ሲገባ የማሻሻያ ገጹ ይቀርብለታል። የመረጃ ቋቱ ትልቅ ከሆነ ሥራውን በትእዛዝ መስመር ማካሄድ ይመረጣል። በመሃል ማቋረጥ አይገባም።

• ማረጋገጥ፦ በተማሪና በመምህር መለያ በመግባት የኮርስ ገጽ፣ ፋይል የማውረድ፣ መልስ የማስገባት፣ የውጤት ዝርዝርና የክሮን ሥራ ከታዩ በኋላ የጥገና ሁነታው ይጠፋል።

7. ማሻሻያው ባይሳካስ?

ሙድል ከአዲስ ስሪት ወደ አሮጌ የሚመለስበት አሠራር የለውም። አሮጌውን ኮድ ብቻ መመለስ ችግሩን አይፈታም፤ የመረጃ ቋቱ አወቃቀር ተለውጧልና። ብቸኛው መመለሻ ሦስቱንም ክፍሎች ከማሻሻያው በፊት ከተወሰደው መጠባበቂያ ላይ መልሶ ማስቀመጥ ነው። ስለሆነም መጠባበቂያው መወሰዱ ብቻ ሳይሆን መልሶ ሊነሣ የሚችል መሆኑ በሙከራ መረጋገጥ አለበት። አንድ ቅጂም ከሰርቨሩ ክፍል ውጭ በሌላ ሕንፃ ወይም ቦታ ሊቀመጥ ይገባል።

8. የግል መረጃ ጥበቃ

በሥርዓቱ የሚቀመጡት የተማሪዎች ስም፣ አድራሻና ውጤት የግል መረጃዎች ናቸው። ተቋማት እነዚህን መረጃዎች ሲይዙ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን ማክበር ይጠበቅባቸዋል። ለሙከራ የተዘጋጀው ቅጂም የእውነተኛ ተማሪዎችን መረጃ የያዘ በመሆኑ ለውጭ ተጠቃሚ ክፍት መሆን የለበትም፤ ኢሜይል መላኩም ታግዶ ሙከራው ሲያበቃ ይሰረዛል። ከሥራ የለቀቀ አስተዳዳሪ መለያ በዕለቱ ይዘጋል፤ የይለፍ ቃሎችና የአሠራር ሰነዶችም በርክክብ ይመዘገባሉ።

9. ተማሪዎች ሊያደርጓቸው የሚገቡ ጥንቃቄዎች

• የሚያስገቡትን የቤት ሥራ ቅጂ በራሳቸው ኮምፒውተር ወይም ስልክ ላይ ማስቀመጥ፤

• መልስ ካስገቡ በኋላ ሥርዓቱ ሥራው መቅረቡን የሚያሳየውን ገጽ ፎቶ አንሥቶ መያዝ፤

• በግል መገለጫቸው ላይ ያለው የሰዓት ክልል አዲስ አበባ መሆኑን ማረጋገጥ፤ በውጭ አገር ሆነው የሚማሩ ደግሞ የፈተናውን ሰዓት ወደሚኖሩበት አገር ሰዓት ማስላት፤

• የኢንተርኔት ግንኙነታቸው የሚቆራረጥ ከሆነ በሙድል የስልክ መተግበሪያ ይዘቶችን አስቀድሞ ማውረድ። በመተግበሪያው ያለ ግንኙነት መፈተን የሚቻለው ግን መምህሩ ሲፈቅድ ብቻ ነው፤

• ከማሻሻያ በኋላ ውጤታቸውንና የተመዘገቡባቸውን ኮርሶች ፈትሸው ልዩነት ካገኙ፣ የያዙትን ማስረጃ በማያያዝ ለተቋማቸው ሬጅስትራር በጽሑፍ ወዲያውኑ ማሳወቅ።

ማጠቃለያ

የትምህርት ማስተዳደሪያ ሥርዓትን መጫን የአንድ ቀን ሥራ ሊሆን ይችላል፤ ጠብቆ ማቆየት ግን ዘወትር የሚሠራ ኃላፊነት ነው። የተቋማት የበላይ ኃላፊዎች ማሻሻያውን ለኮምፒውተር ባለሙያው ብቻ ሳይተዉ፣ ሬጅስትራሩና የትምህርት ክፍሎች የተስማሙበት መርሐ ግብር እንዲኖር፣ መጠባበቂያውም መልሶ መነሣቱ እንዲረጋገጥ ማድረግ ይኖርባቸዋል። ይህ ሲሆን ተማሪው የደከመበት ውጤት በተመዘገበበት ቦታ ሳይለወጥ ይገኛል።