አመላላሽ፦ «ዳታቤዝ ድራይቨር» በአማርኛ

«ዳታቤዝ ድራይቨር» የሚባለው የአንድን ፕሮግራም ጥያቄ የመረጃ ቋቱ በሚረዳው ደንብ የሚያደርስ፣ መልሱንም ፕሮግራሙ በሚያውቀው መልክ ይዞ የሚመለስ አነስተኛ ሶፍትዌር ነው። ቃሉን «ነጂ» ወይም «አሽከርካሪ» ብሎ መፍታት ለሥራው አይስማማም፤ ይህ ሶፍትዌር የሚነዳው ነገር የለምና። «አስተርጓሚ» ወደ ፍሬ ነገሩ ቢቀርብም በኮምፒውተር ሙያ ሌላ ዓይነት ፕሮግራም ስለሚጠራበት ያምታታል። «የመረጃ ቋት አመላላሽ»፣ በአጭሩም «አመላላሽ» ቢባል ግን መሄድንም መመለስንም በአንድ ቃል ይይዛል፤ የዚህ ሶፍትዌር አስተማማኝነት በእጅጉ የሚፈተነውም በመመለሻው ላይ ነው።

ይህ በአስተሪስክ ላይ በግልጽ ይታያል። አስተሪስክ ማርክ ስፔንሰር እ.ኤ.አ. በ1999 የጀመረው፣ ምንጭ ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ የስልክ ማዞሪያ ሶፍትዌር ሲሆን፣ የውስጥ ስልክ ቁጥሮችንና ማን ለማን መቼ እንደደወለ የሚያሳየውን የጥሪ መዝገብ በውጭ ቋት ማስቀመጥ ይችላል። ለዚህ ከሚያገለግሉት መንገዶች ዋነኛው ኦዲቢሲ ነው፤ ይኸውም ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ1992 ያወጣው፣ ፕሮግራሞች ልዩ ልዩ ቋቶችን በአንድ ወጥ ደንብ እንዲጠይቁ የሚያስችል መስፈርት ነው። በሊኑክስ ላይ ዩኒክስኦዲቢሲ የተባለው አስተዳዳሪ መካከል ላይ ሆኖ ማይኤስኪውኤል፣ ማሪያዲቢ ወይም ፖስትግሬስኪውኤል ለተባለው ቋት የተዘጋጀውን አመላላሽ ይጠራል።

አመላላሽ ሲመረጥ በመጀመሪያ የሚታየው ብዙ ጥያቄዎችን በአንድ ጊዜ መሸከሙ ነው። አስተሪስክ ጥሪዎችን የሚያስተናግደው ጎን ለጎን በሚሠሩ «ክሮች» ሲሆን፣ አመላላሹም በዚያው ፕሮግራም ውስጥ ስለሚጫን፣ ክሮቹ በአንድነት ሲጠሩት ከተሰናከለ ማዞሪያው በሙሉ በመካሄድ ላይ ካሉት ንግግሮች ጋር ሊወድቅ ይችላል።

ሁለተኛው የተቋረጠን ግንኙነት በእውነት ማሳወቁ ነው። ማይኤስኪውኤል ቅንብሩ ካልተለወጠ ለ28,800 ሰከንድ፣ ማለትም ለ8 ሰዓት፣ ሥራ ፈትቶ የቆየን ግንኙነት ይዘጋል፤ በመሆኑም ሌሊቱን ስልክ ባልተደወለበት መሥሪያ ቤት የጠዋቱን የመጀመሪያ ጥሪ የተዘጋ ግንኙነት ሊጠብቀው ይችላል። ታማኝ አመላላሽ መዘጋቱን ወዲያው ሲናገር አስተሪስክ እንደገና ይገናኛል፤ ዝም የሚለው ግን ደዋዩን ያለ መልስ ያስቀረዋል።

ሦስተኛው ፊደልን ሳያበላሽ ማመላለሱ ነው። የማይኤስኪውኤል የኦዲቢሲ አመላላሽ የዩኒኮድና የአንሲ ተብሎ በሁለት ዓይነት ይቀርባል፤ አንድ የግዕዝ ፊደል ዩቲኤፍ-8 በተባለው የዩኒኮድ አጻጻፍ 3 ባይት ስለሚይዝ፣ የደንበኞቹን ስም በአማርኛ የሚመዘግብ ድርጅት የዩኒኮዱን መምረጥና የቋቱን የፊደል ቅንብር ከእርሱ ጋር ማስማማት ይገባዋል፤ አለዚያ ስሙ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ሊመለስ ይችላል።

አይኤስኪውኤል በተባለው መሞከሪያ አንድ ጥያቄ ልኮ መልስ ማግኘት መንገዱ ክፍት መሆኑን እንጂ አመላላሹ የሚታመን መሆኑን አያረጋግጥም። ስለዚህ ብዙ ጥሪዎችን በአንድ ጊዜ አሳልፎ፣ ግንኙነቱንም ሆን ብሎ አቋርጦ፣ አመላላሹ ምን ይዞ እንደሚመለስ ማየት ያስፈልጋል።