መስኮቱን ማን አጠበበው?

እ.ኤ.አ. በኦገስት 2007 «ባዮሾክ» የተባለው የኮምፒውተር ጌም ገበያ ላይ ዋለ። ሰፊ ስክሪን የገዙ ተጫዋቾች የእነሱን ምስል በአሮጌው ስክሪን ከሚጫወቱት ጋር ሲያስተያዩ ግን ያላሰቡት ነገር ገጠማቸው። በግራና በቀኝ ምንም አልተጨመረላቸውም። እንዲያውም በአሮጌው ስክሪን ላይ የሚታየው ጣሪያና ወለል ከእነሱ ዘንድ የለም። የ4 በ3 ምስልን ወደ 16 በ9 ሲቆርጡት ከቁመቱ ሩቡ ይሄዳል፤ ተጫዋቾቹም የተሰማቸው ይኸው ነበር፤ ሩብ ዓለም ተወስዶብናል አሉ። አሳታሚው በበኩሉ ምስሉ መጀመሪያ የተዘጋጀው ለሰፊው ስክሪን እንደሆነና ለአሮጌው ከላይና ከታች እንደተጨመረለት አስረዳ። ቁጣው ግን አልበረደም። በኋላ በወጣ ማሻሻያ ተጫዋቹ ራሱ የሚመርጥበት ሴቲንግ ተጨመረ።

ጠቡ የተነሳው «የዕይታ ስፋት» ከሚባለው ነገር ነው። ዓለሙ በባለታሪኩ ዓይን በሚታይባቸው ጌሞች ውስጥ ከግራ እስከ ቀኝ ስንት ዲግሪ ይታያል? ነገሩን ለመረዳት መስኮት አጠገብ የቆመን ሰው ማሰብ ይበቃል። ወደ መስኮቱ ሲጠጋ ግቢው በሙሉ ይታየዋል፤ ወደ ኋላ ሲል አንዲት ዛፍና ቁራጭ ሰማይ ብቻ ይቀሩታል። ስክሪንም እንደዚያው ነው። ባለ 24 ኢንች ስክሪን ከ60 ሳንቲ ሜትር ርቀት ሲታይ በዓይን ፊት የሚይዘው ወደ 48 ዲግሪ ነው። ባለ 55 ኢንች ቴሌቪዥን ሶፋ ላይ ሆነው ከ2.5 ሜትር ሲያዩት ደግሞ 27 ዲግሪ ብቻ ይይዛል። የሰው ሁለት ዓይን በአንድነት ከ180 ዲግሪ በላይ ይሸፍናል።

ስለዚህ ጌም ሠሪ ሁሉ ከስክሪኑ ስፋት የሚበልጥ ዓለም በስክሪኑ ውስጥ ለማጨቅ ይገደዳል። ማጨቁም ዋጋ አለው፤ ዕይታው በሰፋ ቁጥር መሐሉ እያነሰ ጠርዙ እየተለጠጠ ይሄዳል። በ60 ዲግሪ የሚታይ ጠላት በ90 ዲግሪ ከሚታየው 1.7 እጥፍ ገደማ ይተልቃል። ምርጫው እንግዲህ በሩቁ ያለውን አጉልቶ በማየትና በጎን የሚመጣውን ቀድሞ በማየት መካከል ነው።

የዘርፉ አያት የሚባለው «ሜዝ ዎር» በ1973 አካባቢ በናሳ ኤምስ የምርምር ማዕከል ተጀመረ። ተጫዋቹ በመስመር በተሣሉ መተላለፊያዎች ውስጥ አንድ አንድ እርምጃ እየሄደ፣ ሲዞርም በአንዴ 90 ዲግሪ እየዞረ ይጓዛል። ዘመኑን የለወጠው ግን በዲሴምበር 10 ቀን 1993 የወጣው የኢድ ሶፍትዌር «ዱም» ነው። በውስጡ የተጻፈው የዕይታ ስፋት 90 ዲግሪ ነበር፤ ልክ አንድ ቀጥ ያለ ማዕዘን። የጊዜው ኮምፒውተሮች ደካማ ስለነበሩ ብዙ ሰው ምስሉ እንዳይንቀራፈፍ የመቀነስ ምልክቷን እየተጫነ ሥዕሉን ያሳንስ ነበር። በዙሪያው ክፈፍ እየወፈረ፣ ጌሙ መሐል ላይ እንደ ፖስታ ካርድ ይቀራል። ማዕዘኑ ግን ከ90 አይነቃነቅም፤ ትንሽ ሆኖ ሁሉም ይታያል።

በጁን 1996 ያው ድርጅት «ኩዌክ»ን ሲያወጣ ማዕዘኑ በተጫዋቹ እጅ ገባ። ትእዛዝ መጻፊያውን ከፍቶ አንዲት አጭር ቃልና ቁጥር መጻፍ ብቻ ነበር። በመረብ እርስ በርስ የሚፋለሙ ተጫዋቾች ወዲያው 110 እና 120 መጻፍ ጀመሩ፤ ከጎን የሚሮጠውን ባላጋራ ለማየት። ብልሆቹ ደግሞ ሌላ ነገር አገኙ። አንዲት ቁልፍ ሲጫኑ ማዕዘኑ ወደ 30 ዝቅ እንዲል አደረጉና ሩቅ ያለውን እንደ መነጽር እያቀረቡ መተኮስ ያዙ። አንድ ሴቲንግ ራሱን የቻለ መሣሪያ ሆነ ማለት ነው። ይህ ነፃነት በዚያ ትውልድ ተጫዋቾች ላይ የማይለቅ ልማድ ተከለ፤ ከዚያ በኋላ የመጣውን ቁጣ ያለዚህ ልማድ መረዳት ይከብዳል።

ጌሙ ከጠረጴዛ ወደ ሳሎን ሲሄድ መስኮቱ ጠበበ። በ2001 በኤክስቦክስ የወጣው «ሄሎ» 70 ዲግሪ ያህል ነበረው፤ የ2007ቱ «ኮል ኦፍ ዱቲ 4» ደግሞ 65። ምክንያቱ ስንፍና አልነበረም። ቴሌቪዥኑ ሩቅ ነው፤ በጆይስቲክ የሚያነጣጥር ጣት ትልቅ ዒላማ ይፈልጋል፤ በጠባብ ዕይታ ውስጥ የሚሣለው ነገር ስለሚያንስም የማሽኑ ሸክም ይቀላል። ለሳሎን ትክክለኛ ውሳኔ ነበር። ስሕተቱ የመጣው ያው ቁጥር ሳይነካ ወደ ጠረጴዛው ሲመለስ ነው። በ2009 «ሞደርን ዋርፌር 2» ለኮምፒውተር ሲወጣ ትእዛዝ መጻፊያው ተነሥቶ 65 ዲግሪው ተቆለፈ። ከስክሪኑ በክንድ ርቀት የተቀመጡ ሰዎች በቧንቧ ውስጥ እንደሚያዩ ተሰማቸው፤ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ያማረሩም ብዙ ነበሩ።

በቀጣዮቹ ዓመታት ድምፃቸውን ካሰሙት ሁሉ ጎልቶ የተሰማው ጆን ቤይን ነው፤ ተመልካቾቹ «ቶታል ቢስኪት» ይሉት ነበር። ይህ እንግሊዛዊ ተቺ አዲስ ጌም በቪዲዮ ሲገመግም አስቀድሞ የሴቲንግ ገጹን ከፍቶ ያሳይ ነበር። የዕይታ ማስፊያ አለ? ከሌለ ለምን? በሜይ 2018 በካንሰር እስኪሞት ድረስ ጥያቄውን አልተወም። ተራ ቁጥር የሚመስለውን ነገር የተጫዋች መብት አድርጎ ያቆመው ከማንም በላይ እርሱ ነው ማለት ይቻላል።

ሆኖም ሰፊ ሁሉ የተሻለ ነው ማለት አይደለም። «ካውንተር ስትራይክ» ለሁሉም እኩል እንዲሆን ማዕዘኑን ቆልፎታል፤ በ4 በ3 ስክሪን 90፣ በ16 በ9 ወደ 106 ዲግሪ። በታላላቅ ውድድሮች የሚጫወቱ ብዙ ባለሙያዎች ግን ሰፊ ስክሪን እያላቸው የ4 በ3ን ምስል ለጥጠው ይጠቀማሉ። በጎን የሚያጡትን እያወቁ ባላጋራቸው ወርዱ ሰፍቶ እንዲታያቸው መርጠዋል። ፊት ላይ በሚጠለቀው የቪአር መሣሪያም በ2016 የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎቹ ፈርናንዴስና ፋይነር ሰውየው በሚንቀሳቀስበት ጊዜ ብቻ ዕይታውን ቀስ አድርጎ ማጥበብ ማቅለሽለሹን እንደሚቀንስ አሳይተዋል። ጠረጴዛው ላይ ያሳመመው ጥበት እዚህ መድኃኒት ሆነ።

«ኦቨርዎች» በ2016 ሊወጣ ሲል ተጫዋቾች ስለ ጠበበው ዕይታ አጥብቀው ስለተናገሩ ጣሪያው እስከ 103 ዲግሪ ከፍ አለ። ሳሎኑ ብዙ ጠበቀ። በ2020 «ብላክ ኦፕስ ኮልድ ዋር» ማስፊያውን ለፕሌስቴሽንና ለኤክስቦክስ ተጫዋቾችም ሰጠ። በ2021 «ሄሎ ኢንፊኒት» ሲከተል፣ ከ20 ዓመት በፊት በ70 ዲግሪ ሶፋ ላይ የተጀመረው ጌም በዚያው ሶፋ ላይ እስከ 120 ይከፈት ጀመር።