ከትቢያ ብርሃን፤ የሾርዲች የቆሻሻ ማቃጠያ ቤት ታሪክ

በሎንዶን ከተማ ምሥራቃዊ ክፍል፥ ሆክስተን ስኩዌር ከሚባለው አደባባይ ጀርባ፥ ኮሮኔት ስትሪት በምትባል ጠባብ መንገድ ዳር፥ በጡብ የታነጸ አንድ ታላቅ የሥራ ቤት እስከ ዛሬ ቆሟል፤ በፊቱም ላይ «ኤ ፑልቬሬ ሉክስ ኤት ቪስ» የሚል የላቲን ጽሕፈት ይነበባል፤ ይኸውም «ከትቢያ ብርሃንና ኃይል» ማለት ነው። መንገደኛ ይህን ቃል አንብቦ ቤቱ የደብር ወይም የአንድ ጥንታዊ ትምህርት ቤት ሕንፃ ቢመስለው አይፈረድበትም፤ ነገር ግን የታነጸው የዚሁ ሰፈር፥ የሾርዲች፥ ነዋሪዎች በየቀኑ የሚጥሉትን ጥራጊና አመድ አቃጥሎ፥ ከሙቀቱ ኤሌክትሪክ ለማመንጨት ነበር። አንድ ከተማ የሚጥለውን ነገር የሚያስወግድበት መንገድ የአስተዳዳሪዎቹን ጠባይ ከብዙ ሌላ ሥራቸው ይልቅ ገልጦ የሚያሳይ ስለሚመስለኝ፥ የዚህን ቤት ታሪክ ከጥንቱ ጀምሬ ለአንባብያን አቀርባለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት፥ ለይቼ ካልተናገርሁ በቀር፥ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት የሎንዶን ሰው፥ ባለጸጋም ቢሆን ድኻ፥ ቤቱን የሚያሞቀውና ምግቡን የሚያበስለው በደንጊያ ከሰል ስለ ነበር፥ ከየደጃፉ የሚጠረገው ነገር አብዛኛው አመድና በቅጡ ያልነደደ የከሰል ፍርፋሪ ነበር። ይህም አመድ በክፍለ ዘመኑ መጀመሪያ እንደ ገንዘብ የሚቈጠር ነበር። ከተማይቱ በየአቅጣጫው እየሰፋች ስትሄድ ጡብ ሠሪዎች ደቃቁን አመድ ከሸክላው አፈር ጋር ለመለወስ፥ ሻካራውን ፍርፋሪ ደግሞ ጡቡን ለመተኮስ ይሹት ስለ ነበር፥ ጥራጊ የሚያነሡት ኮንትራክተሮች ዋጋ ይቀበሉ እንደሆነ እንጂ ይከፍሉ ነበር ብሎ የሚገምት ዛሬ ባይኖርም፥ በእርግጥ ለየአጥቢያው ገንዘብ የሚከፍሉት እነርሱ ነበሩ። በየክምሩ ግርጌ ቆመው አመዱን በወንፊት የሚነፉት አብዛኞቹ ሴቶች ነበሩ፤ አጥንቱን፥ ጨርቁን፥ ብረቱንና ጠርሙሱን እየለዩ ለየገዢው ያስቀምጡ ነበር። ቻርልስ ዲከንስ ከ1864 እስከ 1865 በየወሩ እየተከፋፈለ በወጣው «የጋራ ወዳጃችን» በተባለው ልብ ወለዱ ውስጥ ታላቅ ውርስ ከአመድ ክምር ሲገኝ የሚያሳየን፥ ነገሩ በዘመኑ ሰው ዘንድ የታወቀ እውነት ስለ ነበር ነው።

ይህ ሀብት ግን አልዘለቀም። የአመዱ ገበያ እየቀዘቀዘ ሲሄድ ቀድሞ ይከፍሉ የነበሩት ኮንትራክተሮች «ይከፈለን» ማለት ጀመሩ፤ በጀልባና በጋሪ እየተጫነ ከከተማ ውጭ የሚደፋውም ጥራጊ ባለመሬቱን ሁሉ ያስመርር ጀመር። በ1866 ኮሌራ ለመጨረሻ ጊዜ ምሥራቅ ሎንዶንን ከቀጠፈ ወዲህ ደግሞ የንጽሕና ነገር የሞትና የሕይወት ጉዳይ መሆኑን የሚጠራጠር አስተዋይ ሰው አልነበረም፤ በ1891 የወጣው የሎንዶን የሕዝብ ጤና ሕግም የቤቶችን ጥራጊ የማንሣቱን ግዴታ በየአጥቢያው ባለሥልጣናት ጫንቃ ላይ አኖረው።

መፍትሔውን የፈለጉት በእሳት ነው። በ1874 በኖቲንግሃም ከተማ አልፍሬድ ፍራየር የተባለ ሰው ያወጣው ምድጃ ሥራ ጀመረ፤ እንግሊዞችም «ዲስትራክተር» አሉት። ፊተኞቹ ምድጃዎች ግን ሙቀታቸው ዝቅተኛ ስለ ነበር ቆሻሻውን ከማንደድ ይልቅ ያጤሱት ነበርና፥ ከጢስ ማውጫቸው የሚወጣው ክፉ ሽታ ጎረቤቱን ለአቤቱታ አነሣሣው። የኢሊንግ ከተማ መሐንዲስ ቻርልስ ጆንስ በ1885 ጢሱን ወደ ሰማይ ከመልቀቁ በፊት በሁለተኛ እሳት ውስጥ አሳልፎ የሚያቃጥልበትን ዘዴ አወጣ፤ ሌሎችም በእንፋሎት ወይም በማራገቢያ አየር እየነፉ የምድጃውን ግለት ከፍ አደረጉት። ግለቱ ከፍ ባለ ጊዜ ሽታው ቀነሰ፤ በዚያውም ላይ በከንቱ ወደ ሰማይ የሚወጣው ሙቀት ውሃ አፍልቶ ሞተር ሊያዞር እንደሚችል በግልጥ ታየ።

የሾርዲች ሰዎች ወደዚህ ሥራ የገቡት በዚህ ጊዜ ነው። ሾርዲች አንድ ማይል ካሬ ያህል በሆነ መሬት ላይ ከ100 ሺህ የሚበልጥ ሕዝብ የተጨናነቀበት፥ ወንበርና ጠረጴዛ፥ ቁም ሣጥንና ልዩ ልዩ የእንጨት ዕቃ በየጓዳው የሚሠራበት የባለ እጆች ሰፈር ነበር፤ ቻርልስ ቡዝ በ1889 የሎንዶንን ድህነት በቀለም እየለየ ባሳተመው ካርታ ላይ የሾርዲች ክፍል የሆነው የሆክስተን ብዙ መንገዶች የችግረኞች ምልክት በሆነው ጥቁርና ደማቅ ሰማያዊ ቀለም ተቀብተው ይታያሉ። አጥቢያውን ያስተዳድር የነበረው «ቬስትሪ» የሚሉት ጉባኤ ነው፤ ይህም ጥንት የቤተ ክርስቲያንን ጉዳይ ለመምከር የሚሰበሰብ የምእመናን ማኅበር ሆኖ ሳለ፥ በኋላ የመንገድ፥ የመብራትና የንጽሕና ሥራ የተጨመረለት ነበር። ስለ ሎንዶን ቬስትሪዎች በዘመኑ የተነገረው አብዛኛው ነቀፋ ነው፤ የሾርዲቹ ግን ለሕዝቡ ያስብ እንደ ነበር ሥራው ይመሰክርለታል። ባለጸጎቹ ሰፈሮች የኤሌክትሪክ መብራት ከነጋዴ ኩባንያ ሲገዙ፥ እርሱ በራሱ ገንዘብ፥ በራሱ ጥራጊ፥ ለራሱ ሕዝብ መብራት ለማውጣት ቈረጠ።

ቤቱ የተመረቀው ሰኔ ወር ላይ፥ ጁን 28 ቀን 1897 ነው። ንግሥት ቪክቶሪያ የነገሡበትን 60ኛ ዓመት በዓለ ኢዮቤልዩ ለማክበር ታላቁ ሰልፍ በሎንዶን ጎዳናዎች ካለፈ ገና ስድስተኛ ቀኑ ነበርና ከተማይቱ ከነጌጧ ነበረች። መራቂውም የዘመኑ ሊቀ ጠበብት ሎርድ ኬልቪን ነው፤ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ሥር ለተዘረጋው የቴሌግራፍ ገመድ ሥራ በ1866 የክብር ማዕረግ የተሰጠው፥ የሙቀትን ባሕርይ መርምሮ የፍጹም ሙቀትን መለኪያ ያቆመ፥ 73 ዓመት ከሞላው ሁለት ቀን የሆነው ሽማግሌ ነበር። ስለ ሙቀትና ስለ ሥራ ዝምድና ከርሱ የበለጠ የሚያውቅ ሰው በዚያ ዘመን ሊገኝ አይችልም ነበር፤ እንዲህ ያለው ሊቅ ወደ ድኾች ሰፈር መጥቶ የጥራጊ ምድጃ መመረቁ እኔን እጅግ ያስደስተኛል።

የቤቱ አሠራር እንዲህ ነበር። በፈረስ ጋሪ የመጣው ጥራጊ በኤሌክትሪክ ማንሻ ወደ ላይኛው ሰገነት ይወጣና ከዚያ ወደ 12ቱ ምድጃዎች ይወርዳል፤ በየሁለቱ ምድጃ መካከል አንድ ቦይለር ተተክሎ ውሃው በጥራጊው ነበልባል ይፈላል፤ እንፋሎቱም ሞተሮችን፥ ሞተሮቹም የኤሌክትሪክ ማመንጫዎቹን ያዞራሉ። ከባዱ ችግር የጊዜ ጉዳይ ነበር፤ ጥራጊ ቀንና ሌሊት ሳያቋርጥ ይነድዳል፥ መብራት ግን የሚፈለገው ከምሽት እስከ እኩለ ሌሊት ነው። ስለዚህ ድሩዊት ሃልፒን የተባለው መሐንዲስ ባወጣው ዘዴ የቀኑ ሙቀት በታላቅ ጋን ውስጥ በሚቀመጥ የፈላ ውሃ እንዲጠራቀም ተደረገ፤ መሸት ሲል ይህ ውሃ ወደ ቦይለሮቹ ሲገባ እንፋሎቱ ቶሎ ይበዛል። ዛሬ ከፀሐይና ከነፋስ የሚገኘውን ኃይል ለማቆየት መሐንዲሶች የሚደክሙበት ጥያቄ በሾርዲች በ1897 ተነሥቶ መልስ የተፈለገለት መሆኑን ልብ ይሏል።

ቬስትሪው በዚህ ብቻ አልረካም። በማቃጠያው አጠገብ የሕዝብ መታጠቢያና ቤተ መጻሕፍት አሳነጸ፤ ከሞተሮቹ የሚተርፈውም እንፋሎት የመታጠቢያውን ውሃ ያሞቅ ነበር። በቤቱ ውስጥ ቧንቧ የሌለው የእንጨት ሠራተኛ፥ ሚስቱ ከደጃፍ በጠረገችው አመድ በሞቀ ውሃ ይታጠብና፥ በዚያው አመድ በበራ መንገድ ወደ ቤቱ ይመለስ ነበር ማለት ነው። ብዙ የታላላቅ ከተሞች ታሪክ አንብቤአለሁ፤ ከዚህ የሚበልጥ የማዘጋጃ ቤት ሥራ ግን አላየሁም።

ተስፋው ሁሉ ግን አልተፈጸመም። ጥራጊ ከንጹሕ ከሰል ጋር ሲነጻጸር የሚሰጠው ሙቀት እጅግ ጥቂት ነው፤ መብራት ፈላጊውና በኤሌክትሪክ ሞተር የሚሠራው አውደ ጥበብ እየበዛ ሲሄድ ሾርዲች በጥራጊው ላይ ከሰል መጨመር ግድ ሆነባት። ይህም ሆኖ ሕዝቡ አላፈረበትም፤ በ1900 ቬስትሪዎቹ ተሽረው ሾርዲች በሙሉ ማዘጋጃ ቤትነት ስትቆም ለአርማዋ የመረጠችው ቃል «የበለጠ ብርሃን፥ የበለጠ ኃይል» የሚል ነበር። ማመንጫው እስከ 1940 ሠርቶ፥ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ተዘጋ፤ በ1965ም ሾርዲች ራሷ በሃክኒ ማዘጋጃ ቤት ውስጥ ተጠቃለለች።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዘመን ያለ ክብር የኖረው ሕንፃ በ1994 ያልታሰበ ወራሽ አገኘ። የሰርከስ ጥበብ የሚያስተምር አንድ ማኅበር ገብቶበት አደሰው፤ ዛሬ ብሔራዊ የሰርከስ ጥበባት ማእከል ይባላል። የመንጠልጠያ ገመድ ለመዘርጋት፥ በአየር ላይ ለመወርወርና ለመቀበል ከፍ ያለ ጣራና ምሰሶ የሌለበት ሰፊ አዳራሽ ያስፈልጋል፤ ለቦይለርና ለሞተር ተብሎ የተሠራው ቤት ይህን ሁሉ አሟልቶ ተገኘ። ሁለቱ ታላላቅ አዳራሾችም የማቃጠያና የማመንጫ ክፍል የሚለውን የጥንት ስማቸውን ይዘው ቀርተዋል። ሰፈሩ ለትርኢት እንግዳ አልነበረም፤ ጄምስ በርቤጅ በ1576 «ዘ ቲያትር» የተባለውን የታወቀ የትርኢት ቤት ያሠራው በዚሁ በሾርዲች ነው።

በእኛም አገር፥ በአዲስ አበባ ቆሼ በሚባለው ስፍራ፥ የረጲ ከቆሻሻ ኃይል ማመንጫ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በነሐሴ ወር 2010 ዓ.ም. ተመርቋልና የሾርዲች ነገር ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም። የሾርዲች ምድጃ የነደደው በየጥራጊው ውስጥ የከሰል ፍርፋሪ ስለ ነበረበት ነው፤ የእኛ ጥራጊ ግን አብዛኛው የአትክልት ልጣጭና የምግብ ትርፍ፥ እርጥበቱም የበዛ ነው። ስለዚህ በሌሎች ከተሞቻችን ይህን የመሰለ ሥራ ለመጀመር የምታስቡ የማዘጋጃ ቤት ሹማምንትና መሐንዲሶች ሁሉ፥ የምድጃውን ዐይነት ከመምረጣችሁ አስቀድማችሁ የየከተማችሁን ጥራጊ በበጋም በክረምትም እንድትመረምሩ፥ ከሚገኘውም ሙቀትና ብርሃን በመጀመሪያ በቆሻሻው አጠገብ የሚኖረው ሕዝብ እንዲጠቀም እንድታደርጉ አደራ እላችኋለሁ።