የመንዝ ጓሳና ሁለቱ ጠባቂዎቹ፤ ውርጭና ቀሮ

የሰሜን ሸዋ ሰው አገሩን የሚከፍለው በሙቀቱና በቅዝቃዜው ነው። ከአንኮበር ገደል በታች ወደ አፋር ሜዳ የሚወርደውን ቆላ ይለዋል፤ ከዚያ በላይ ያለውን ወይና ደጋ፤ ደብረ ብርሃን ያለችበትን፥ ገብስና ባቄላ የሚበቅልበትን አገር ደጋ ይለዋል። ከደጋውም በላይ፥ ሌሊት መሬቱ በአመዳይ ነጥቶ የሚያድርበት ከፍተኛ ስፍራ ውርጭ ይባላል። እንግዲህ ውርጭ ማለት የብርዱም ስም የአገሩም ስም ነው። ብርዱ ቢቀር አገሩ ምን ይሆናል? የሚለው ጥያቄ ከዚሁ ስም ይነሣል።

በመንዝ ጌራ ምድር የሚገኘው ጓሳ ከዚህ ዓይነት አገር አንዱ ነው። ስፋቱ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፥ ከፍታው ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ይደርሳል። ከእርሱ የሚመነጩት ውኆች ከፊሎቹ በጀማ በኩል ወደ ዓባይ፥ ከፊሎቹም ወደ አዋሽ ይወርዳሉ። ስሙን ያገኘው ከጓሳ ሣር ነው፤ ሕዝቡም በዚህ ሣር ቤቱን ይከድንበታል፥ ገመድ ይገምድበታል፥ ለዝናም መከላከያ ገሳ ይሠራበታል። በሣሩ ውስጥ ጭላዳ ይግጣል፤ ቀይ ቀበሮም አይጥ ያድናል። በዚሁ በጓሳ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ አንድ ጥናት፥ ቀይ ቀበሮ በጭላዳ መንጋ መካከል ሲያድን ከመቶው ሙከራ 67 ያህሉ፥ ብቻውን ሲያድን ግን 25ቱ ብቻ እንደሚሳካለት አስረድቷል። ስለዚህ ሣሩ፥ ጭላዳው፥ አይጡና ቀበሮው በአንድ ሰንሰለት የተያያዙ ናቸው።

የዚህ አገር ታሪክ ከሰው ታሪክ ይቀድማል። የቀይ ቀበሮ አባቶች ከተኩላ ወገን ሆነው ከ100,000 ዓመት ገደማ በፊት ከሰሜን ወደ ኢትዮጵያ እንደ ገቡ የዘር ምርመራ ያመለክታል። በዚያ በብርድ ዘመን የውርጭ አገር ከዛሬው እጅግ ሰፊ ስለ ነበረ፥ ቀበሮው ከተራራ ወደ ተራራ ይሻገር ነበር። በኋላ ግን ምድር ስትሞቅ ቆላውና ወይና ደጋው ወደ ላይ ወጣ፤ ውርጩም እንደ ደሴት ተቈራርጦ በየተራራው ራስ ላይ ቀረ። ዛሬ ቀይ ቀበሮ በስሜን፥ በወሎ፥ በመንዝ፥ በአርሲና በባሌ ተለያይቶ የሚገኘው ከዚህ የተነሣ ነው። በሙሉ ዕድሜ ያሉት ተደምረው ከ500 አይበልጡም ተብሎ ይገመታል።

ከውርጩ ቀጥሎ ጓሳን የጠበቀው የሰው ሕግ ነው። የአገሩ ትውፊት እንደሚለው፥ በ17ኛው መቶ ዓመት አስቦና ጌራ የተባሉት የመንዝ አባቶች ቀሮ የሚባለውን ሥርዓት መሠረቱ። ጓሳ የእነርሱ ዘር አጽመ ርስት ሆነ፤ በየወገኑ አባ ቀራ ተመርጦ ይጠብቀው ጀመር። ሣሩ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ይዘጋል፤ ሲደርስም በበጋ ይከፈትና በየአጥቢያው ታጭዶ፥ ከብትም ገብቶበት፥ ክረምት ሲገባ መልሶ ይዘጋል። ሕጉን የጣሰ ሰው ጽኑ ቅጣት ያገኘው ነበር። አባቶች ይህን የደነገጉት ለቀበሮው አስበው አልነበረም፤ ለክዳናቸውና ለከብታቸው ነበር። ነገር ግን ሣሩ ስለ ተረፈ በውስጡ ያለው ሁሉ ተረፈ።

በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት ነው ተብሎ ሲታወጅ፥ የርስት መብት ፈረሰ፤ ቀሮም ከርስት ጋራ የተሳሰረ ስለ ነበረ አብሮ ወደቀ። አዋጁ ከርስት ተገልሎ ለኖረው ሰው ፍትሕ ነበር፤ ለሣሩ ግን ጠባቂ አልተካለትም። ሁሉም በፈለገው ጊዜ ያጭድና ያሰማራ ጀመር። ሕዝቡ ጉዳቱን ተመልክቶ የጓሳ ዕድር አቋቋመ፤ ከዚያም በ2000ዎቹ ዓ.ም. የመጀመሪያ ዓመታት የአማራ ክልል መንግሥት ጓሳን የማኅበረ ሰብ ጥብቅ ስፍራ አድርጎ በሕግ አጸናው።

እንዲህ የሰው ሕግ ሲታደስ፥ የፊተኛው ጠባቂ መድከም ጀምሯል። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 2006 ድረስ የኢትዮጵያ አማካይ ሙቀት በ1.3 ዲግሪ ያህል ጨምሯል። በተራራ ላይ በየ100 ሜትሩ ሙቀት በ0.6 ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ፥ ምድር በሁለት ዲግሪ ብትሞቅ አየሩ 300 ሜትር ያህል ሽቅብ ይወጣል ማለት ነው። ጓሳ ከግርጌው እስከ ራሱ 500 ሜትር ብቻ መሆኑን አንባቢ ያስተውል። ዳንባር የተባሉት እንግሊዛዊ ሊቅም እ.ኤ.አ. በ1998 ስለ ጭላዳ ባወጡት ስሌት፥ የሣሩ ምግብነት ከሙቀት ጋራ ስለሚለዋወጥ፥ በየሁለት ዲግሪው ጭማሪ የጭላዳ አገር የታችኛው ወሰን 500 ሜትር ያህል ከፍ እንደሚል ገምተዋል።

በሰሜን አሜሪካ ጫካዎች የሚኖረው ካሪቡ የሚባል የአጋዘን ወገንም የዚህ ዓይነት መከራ ደርሶበታል። ጥልቁ በረዶ ሌሎችን አጋዘኖች ያግድለት ነበር፤ ክረምቱ ሲለዝብ ግን እነርሱ ወደ ሰሜን ዘለቁ፥ ተኩላዎችም ተከትለዋቸው ካሪቡን ፈጁት። በሰሜን ሸዋ ውርጩን ተከትሎ የሚወጣው ገብስ ነው። ገብስን ማረሻ፥ ማረሻን መንደር፥ መንደርን ውሻ ይከተላል፤ ውሻም የእብደት በሽታ ወደ ቀበሮው ያመጣል። ከ3,200 ሜትር በላይ ካለው የኢትዮጵያ መሬት 60 በመቶ ያህሉ ታርሷል ተብሎ ይገመታል። በዚሁ በሰሜን ሸዋ፥ በጎሽ ሜዳ ይኖሩ የነበሩት ቀይ ቀበሮዎች ፈጽመው ጠፍተዋል። ካሪቡ ወደ ሰሜን የሚሸሽበት ምድር አለው፤ የተራራ አውሬ ግን ከራሱ በላይ ሰማይ እንጂ ምድር የለውም።

ገበሬውም ቢሆን በበልግ ዝናም ላይ የተመሠረተ ነው። በልጉ በቀረ ዓመት፥ ውርጭ ያልመታውን የጓሳን ጥቁር አፈር ሲመለከት በሬውን ወደዚያ ለመንዳት ቢመኝ አይፈረድበትም። ቀድሞ ምኞቱን ብርዱ ራሱ ይመልስለት ነበር፤ ከእንግዲህ የሚመልሰው ሕግ ብቻ ነው። ሕግም የሚጸናው የተከለከለው ሰው ከመከልከሉ የሚያገኘው ጥቅም ሲኖር መሆኑን ቀሮ አስተምሯል፤ የአስቦና የጌራ ልጆች ዘመናት ሙሉ ሣሩን የታገሡት፥ በተከፈተ ጊዜ ድርሻቸው እንደማይቀር ስላወቁ ነው። ውርጭ ያለ ደመወዝ የጠበቀውን አገር ሰው ሊጠብቀው ዋጋ ያስፈልጋል፤ ያንንም ዋጋ የመንዝ ገበሬ ብቻውን እንዲከፍለው ከተተወ፥ ሁለተኛው ጠባቂ ከፊተኛው ቀድሞ ይወድቃል።