ዶክተር ሁ፦ የቤት ቪዲዮ ኅትመቱና ከኢትዮጵያ ጋር ያለው ግንኙነት

ዶክተር ሁ ቢቢሲ የሚያዘጋጀው የእንግሊዝ ሳይንሳዊ ልቦለድ ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ ነው። ለ16 ዓመታት ከተቋረጠ በኋላ በ2005 ዳግም ተጀምሮ በዲቪዲና በብሉ-ሬይ ታትሟል። ይህ መጣጥፍ የሚመለከተው ድራማው በቪዲዮ ካሴትና በዲስክ ወደ ቤት የገባበትን መንገድ ነው። የኢትዮጵያ ስም ከጠፉት ክፍሎች ጋር የተነሳበትን የ2013 ወሬም ሰፋ አድርጎ ያያል። ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አጭር ታሪክ

የመጀመሪያው ክፍል የተላለፈው ኖቬምበር 23 ቀን 1963 ነው። ዋናው ገጸ ባሕርይ ዶክተር እየተባለ የሚጠራ፣ ከሌላ ዓለም የመጣ፣ በጊዜና በጠፈር የሚመላለስ ተጓዥ ነው። መጓጓዣው ታርዲስ ከውጭ ሲያዩት የእንግሊዝ ፖሊስ የስልክ ሳጥን ይመስላል፤ ውስጡ ግን ሰፊ ነው። ገጸ ባሕርይው ሊሞት ሲል አካሉን ስለሚቀይር ተዋናዩ ቢለወጥም ድራማው ይቀጥላል። የመጀመሪያውን ዶክተር ዊልያም ሃርትኔል፣ ሁለተኛውን ፓትሪክ ትራውተን ተጫውተውታል። ድራማው በ1989 ቆመ፤ በ1996 አንድ የቴሌቪዥን ፊልም ወጣለት፤ ማርች 26 ቀን 2005 ደግሞ በራስል ቲ ዴቪስ ዋና ጸሐፊነትና በክሪስቶፈር ኤክልስተን ተዋናይነት እንደገና ጀመረ።

ከካሴት ወደ ዲስክ

ድራማው ለሽያጭ በቪዲዮ ካሴት የወጣው ለመጀመሪያ ጊዜ በ1983 ነው። ዋጋው 39.95 ፓውንድ ነበር። የመጀመሪያው ዲቪዲ በ1999 ታተመ።

ዳግም የተጀመረው ተከታታይ ዲስክ ለመሆን ዓመታት አልፈጀበትም። ማርች ላይ መተላለፍ የጀመረው የ2005ቱ ምዕራፍ ሜይ ላይ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ክፍሎች ያሉት ዲቪዲ ወጣለት፤ የቀሩት ክፍሎች ገና በቴሌቪዥን እየታዩ ነበር ማለት ነው። እነዚህ ነጠላ ዲስኮች ከክፍሎቹ በቀር ይህ ነው የሚባል ተጨማሪ ነገር አልነበራቸውም። አሥራ ሦስቱንም ክፍሎች የያዘው፣ በታርዲስ ቅርጽ የተሠራው ሳጥን የወጣው በኖቬምበር 2005 ነው። መጀመሪያ የቸኮለ ደንበኛ በኋላ ሙሉውን ለማግኘት ሁለተኛ መክፈሉ አልቀረም። ዩናይትድ ስቴትስ ያለው ገዢ ደግሞ እስከ ጁላይ 2006 መጠበቅ ነበረበት።

ብሉ-ሬይ ዘግይቶ የመጣበት ምክንያት ቴክኒካዊ ነው። የመጀመሪያዎቹ አራት ምዕራፎች የተቀረጹት በተራ ጥራት እንጂ በኤችዲ አልነበረም። ከ2009 ጀምሮ ቀረጻው ወደ ኤችዲ ሲዞር ብሉ-ሬይ ትርጉም አገኘ፤ በ2013 የወጣው የሰባቱ ምዕራፎች ሳጥን የቀደሙትን የያዘው ምስላቸውን በማሳደግ ነው።

የጠፉት ክፍሎች

ቢቢሲ ከ1967 እስከ 1978 ባለው ጊዜ የ1960ዎቹን ፕሮግራሞች በብዛት አጥፍቷል። የቪዲዮ ቴፕ ውድ ነበር፤ ደግሞም በላዩ መልሶ መቅረጽ ይቻል ነበር። ከተዋንያን ጋር የተገባው ውልም አንድን ፕሮግራም ደጋግሞ ማሳየትን ይገድብ ነበር። ሰው ድራማ ገዝቶ መደርደሪያው ላይ ያስቀምጣል የሚል ሐሳብ ገና አልተፈጠረም ነበር። የቤት ቪዲዮ ገበያ በአሥር ዓመት ቀድሞ ቢመጣ ኖሮ ይህ ክፍል ባልተጻፈም ነበር።

ያም ሆኖ ብዙዎቹ ክፍሎች የተረፉት ወደ ውጭ በመሸጣቸው ነው። ለሽያጭ የሚሆነው ኮፒ የሚዘጋጀው የቴፑን ምስል ከስክሪን ላይ ወደ 16 ሚሊ ሜትር ፊልም በመገልበጥ ነበር። ገዢው ጣቢያ የተፈቀደለትን ያህል ካሳየ በኋላ ፊልሙን እንዲመልስ፣ እንዲያቃጥል ወይም ለቀጣዩ ገዢ አገር እንዲልክ ይጠበቅበት ነበር። አንድ ጥቅል ከአገር አገር ሲዞር ይኖር ነበር፤ የመጨረሻው ጣቢያ ካልመለሰውና ካላጠፋው መጋዘን ውስጥ ይቀር ነበር። ናይጄሪያ ውስጥ በ1980ዎቹ አጋማሽ፣ ሆንግ ኮንግ ውስጥ ደግሞ በ1990ዎቹ መጀመሪያ የተገኙት ክፍሎች የተረፉት በዚህ መንገድ ነው። የሆንግ ኮንጉ ታሪክ፣ «የሳይበርሜን መቃብር»፣ ከተገኘ ከጥቂት ወራት በኋላ በ1992 በካሴት ተሸጧል።

ድምፁስ? የጠፉት ክፍሎች ድምፅ ሁሉ አለ። ያዳኑት ተመልካቾች ናቸው፤ ብዙዎቹ የቴፕ መቅረጫቸውን ማይክሮፎን ቴሌቪዥኑ ድምፅ ማጉያ አጠገብ አስቀምጠው፣ ቤተሰቡን ዝም አሰኝተው የቀረጹት ነው። ቢቢሲ በኋላ ይህን ድምፅ በሲዲ ሸጦታል፤ ከ2006 ወዲህም ሥዕላዊ አኒሜሽን እየተሠራበት በዲስክ ወጥቷል።

ኢትዮጵያና የ2013ቱ ወሬ

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. ነው፤ ዶክተር ሁ ለንደን ላይ ከተጀመረ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው። ስቱዲዮው በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ነበር። እንደ ማንኛውም አዲስ ጣቢያ የአየር ሰዓቱን ለመሙላት የውጭ ፕሮግራም ይገዛ ነበር። የሃርትኔል ዘመን ታሪኮችን ከገዙት የአፍሪካ አገሮች መካከልም ኢትዮጵያ ትቆጠራለች። ፊልሞቹ የታዩት በንጉሡ ዘመን መጨረሻ ግድም ይመስላል። በቴሌቪዥን ላይ እንግዳ ፍጡር ሲያይ ያደገ የአዲስ አበባ ልጅ ነበር ማለት ነው፤ ቴሌቪዥን ያለው ጎረቤት ካጋጠመው።

በ2013 ድራማው 50 ዓመት ሊሞላው ሲቃረብ፣ የጠፉ ክፍሎች በብዛት ተገኙ የሚል ወሬ በአፍቃሪዎቹ መካከል ተሰራጨ። ቁጥሩ መጀመሪያ 90 ነበር። ስሙ የተነሳው ሰው ፊሊፕ ሞሪስ፣ በተለያዩ አገሮች የቴሌቪዥን መጋዘኖች እየዞረ የቆዩ ፊልሞችን የሚፈልግ እንግሊዛዊ ነው፤ ወሬውንም አስተባበለ። በኦክቶበር መጀመሪያ ግን አንድ በሰፊው የሚነበብ የእንግሊዝ ጋዜጣ ከ100 የሚበልጡ ክፍሎች ኢትዮጵያ ውስጥ፣ በመንግሥት ቴሌቪዥን መጋዘን፣ አቧራ ለብሰው ተገኝተዋል ብሎ ጻፈ። ዜናው በአንድ ቀን ዓለምን ዞረ።

ከቀናት በኋላ ኦክቶበር 11 እውነተኛው ዜና ይፋ ሆነ። የተገኙት ዘጠኝ ክፍሎች ነበሩ፤ የተገኙትም ናይጄሪያ ውስጥ፣ ጆስ ከተማ ባለ የቴሌቪዥን ማሰራጫ ጣቢያ ዕቃ ቤት ነው። ከ«የዓለም ጠላት» አምስት፣ ከ«የፍርሃት ድር» አራት ክፍሎች ነበሩ፤ ሁለቱም የትራውተን ዘመን ታሪኮች ናቸው። የጠፉት ክፍሎች ቁጥር ከ106 ወደ 97 ወረደ። የኢትዮጵያ መጋዘን ከዜናው ጠፋ።

የመጣጥፉ አዘጋጅ የጋዜጣውን ቁጥር ብዕር ይዞ መመርመር ይገባ ነበር ባይ ነው። በወቅቱ የጠፉት በጠቅላላ 106 ነበሩ። ከእነዚህ ውስጥ «የዳሌኮች ታላቁ ዕቅድ» የተሰኘው ረጅም ታሪክ ዘጠኝ ክፍሎችና ከእሱ ጋር የተያያዘ አንድ ክፍል፣ በድምሩ አሥር፣ ወደ ውጭ እንዳልተሸጡ ይታመናል። ስለዚህ መላው ዓለም ቢበረበር በሽያጭ መንገድ ሊገኝ የሚችለው ከ96 አይበልጥም። «ከ100 በላይ» የሚለው በአንድ አገር መጋዘን ቀርቶ በሁሉም ተደምሮ አይሞላም። የ90ው ወሬ ቢያንስ በሒሳብ ይቻል ነበር።

ወሬው ለምን ኢትዮጵያ ላይ እንዳረፈ ሦስት ነገር መገመት ይቻላል። አገሪቱ በገዢዎች ዝርዝር ውስጥ መኖሯ አንዱ ነው። ሌላው ሰንሰለቱ እዚህ ሊበጠስ መቻሉ ነው፤ በ1967 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ የድሮ የውጭ ፊልም የመላክ ጉዳይ የማንም አጀንዳ አልነበረምና። ሦስተኛው የእንግሊዝ ጋዜጣ ልማድ ነው፤ የጠፋ ነገር ሁሉ ሩቅ አገር፣ አቧራ ውስጥ ቢገኝ ታሪኩ ያምራል።  

ጆስ ላይ የተገኙት ክፍሎች ወደ ገበያ የወጡበት ፍጥነት የቤት ቪዲዮ ታሪክ አካል ነው። ይፋ በሆኑበት ቀን በአይቱንስ ተሸጡ፤ «የዓለም ጠላት» በኖቬምበር 2013፣ «የፍርሃት ድር» በፌብሩዋሪ 2014 በዲቪዲ ወጡ። የኋለኛው ሦስተኛ ክፍል የለውም። ሞሪስ ጥቅሉን መጀመሪያ ሲያገኝ ሦስተኛው ክፍል አብሮ እንደነበርና ፊልሞቹን የመውሰጃ ፈቃድ እስኪጨርስ ድረስ እንደጠፋ ተናግሯል። በዲቪዲው ላይ ክፍሉ በቋሚ ፎቶግራፍና በድምፅ ተተክቷል፤ በ2021 አኒሜሽን ተሠርቶለታል።

ካሴትና ዲስክ ኢትዮጵያ ውስጥ

የእንግሊዝ ቴሌቪዥን እንደ ኢትዮጵያ በፓል ሥርዓት ይሠራ ስለነበር ለንደን የተገዛ ካሴት አዲስ አበባ ዴክ ላይ ያለችግር ይታይ ነበር። ከአሜሪካ ይላክ የነበረው ካሴት ግን በሌላ ሥርዓት፣ በኤንቲኤስሲ ነበር። ዘመድ የላከው የሠርግ ካሴት ቤተሰቡ ተሰብስቦ ሲከፈት ምስሉ እየተንሸራተተ ወይም ቀለሙ ጠፍቶ የታየበት ቤት ጥቂት አይደለም፤ መፍትሔው ሁለቱንም ሥርዓት የሚያነብ ዴክ ያለው ሰው ዘንድ ወስዶ ማስገልበጥ ነበር።

ዲቪዲ ሌላ አጥር አመጣ። ዲስኮች በዓለም ክልል ይቆለፋሉ፤ እንግሊዝ ክልል 2፣ ኢትዮጵያ ክልል 5 ናት። በሕጉ መሠረት የእንግሊዙ የዶክተር ሁ ሳጥን እዚህ በተገዛ ማጫወቻ መሥራት አልነበረበትም። በተግባር መርካቶ ይሸጡ የነበሩት የቻይና ማጫወቻዎች አብዛኞቹ ቁልፉን ስላላከበሩ ችግሩ ከወረቀት አልዘለለም።

ያም ሆነ ይህ የኢትዮጵያን ገበያ ይዞ የነበረው ቪሲዲ ነው። አንድ ቪሲዲ ከአንድ ሰዓት ከሩብ ያልራቀ ምስል ስለሚይዝ የአማርኛ ፊልም በሁለት ዲስክ ይሸጥ ነበር፤ ታሪኩ መሃል ላይ ይቆረጥና አንድ ሰው ተነሥቶ ዲስክ ይቀይር ነበር። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ዓ.ም. ከወጣ በኋላም ኮፒው ከኦሪጅናሉ ቀድሞ አዟሪ እጅ መግባቱ አልቆመም። ለውጭ ሥራ ጥበቃው ይበልጥ የላላ ነበር፤ አገሪቱ ለረጅም ዘመን የቅጂ መብትን ከሚያስከብረው ዓለም አቀፉ የበርን ስምምነት ውጭ ሆና ቆይታለች።

ቦንጋና ካፋ ዞን

ከመዲናዋ ርቆ ምን ይታይ እንደነበር የካፋ ዞን ከተማ ቦንጋ ታሳያለች፤ ከአዲስ አበባ በጅማ በኩል 450 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። እንደ ሌሎቹ የዞን ከተሞች ፊልምን ያስፋፋው ቪዲዮ ቤት ነው፦ አግዳሚ ወንበር፣ ከፍ ብሎ የተቀመጠ ቴሌቪዥን፣ ዴክ፣ በር ላይ በጠመኔ የተጻፈ የዕለቱ ዝርዝር። ሳይንሳዊ ልቦለድ በዚያ ዝርዝር ውስጥ በራሱ ስም አይገባም ነበር። «ተርሚኔተር»ና «ፕሬዳተር» የታዩት አክሽን ተብለው፣ ከካራቴና ከሕንድ ፊልም ጋር ተሰልፈው ነው። ዶክተር ሁ ደግሞ ወሬ የሚበዛበት፣ ድብድብ የሚያንስበት፣ በፈጣን እንግሊዝኛ የሚነገር ነው። ተመልካቹ ቤቱ የካፋን ቋንቋ ካፊኖኖን፣ ትምህርት ቤት ውስጥ አማርኛ የሚናገር በሆነበት ከተማ ለቪዲዮ ቤት ባለቤት አዋጭ ዕቃ አይሆንም ነበር።

በኋላ ቪዲዮ ቤቱ ወደ ኳስ ማሳያ ዞረ፤ ዲስኩን ፍላሽና ሚሞሪ ተኩት። የውጭ ፊልም ላይ አማርኛ ትረካ የሚጭኑት «ትርጉም ፊልሞች» የቋንቋውን አጥር አቅልለውታል፤ ተራኪው ግን የሚመርጠው በአንድ ቁጭታ የሚያልቅ ታሪክ ነው፤ አሥራ ሦስት ክፍል ያለው ምዕራፍ ትከሻ ይጠይቃል።

የበይነ መረብ ስርጭት

ቢቢሲ በኖቬምበር 2023፣ ለ60ኛው ዓመት፣ ከ800 የሚበልጡ የቆዩና አዳዲስ ክፍሎችን በአይፕሌየር ላይ አኑሯል። አገልግሎቱ ከብሪታንያ ውጭ አይሠራም። የመጀመሪያው የ1963 ታሪክ አራት ክፍሎች በመብት ውዝግብ ምክንያት ከስብስቡ ቀርተዋል፤ በዲቪዲ ግን በ2006 ታትመዋል።