በትንፋሿ ባሕር የተሻገረችው ሂላሪ

እስቲ ጠጋ በሉና የአንዲት መርከበኛ ታሪክ ላውጋችሁ። ታሪኩ የእንግሊዝ አገር ነው።

ሴትዮዋ ሂላሪ ሊስተር ትባላለች፤ እ.ኤ.አ. በ1972 ተወለደች (ዓመቶቹ ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። በልጅነቷ ስፖርት ወዳድ ነበረች። ዕድሜዋ 11 ገደማ ሲሆን ግን እግሯን ያማት ጀመር። ነገሩ ነርቭን የሚያጠቃ፣ ዓመት በመጣ ቁጥር አንድ ነገር ነጥቆ የሚሄድ ሕመም ሆነ። መጀመሪያ እግሯን ወሰደ፤ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ዋለች። እሷም እልኸኛ ነችና ከነወንበሯ ኦክስፎርድ ገብታ ባዮኬሚስትሪ አጠናች። ሕመሙ ዲግሪ አይቶ አይመለስ፤ ቀጥሎ እጇን ወሰደ። 30 ዓመት ሳይሞላት ከአንገቷ በታች ያለው አካሏ አልታዘዝ አላት። ታያለች፣ ትናገራለች፣ ጭንቅላቷን ታንቀሳቅሳለች፣ ትተነፍሳለች። የቀራት ይኸው ነበር። ሕይወቷን ለማጥፋት እስከማሰብ ደርሳ እንደነበር ኋላ ራሷ ተናግራለች።

በ2003 ነው፤ ኬንት በሚባለው አውራጃ ወደ አንድ ሐይቅ ወሰዷትና ጀልባ ውስጥ ወንበር ላይ አስረው አስቀመጧት። ሸራው ተወጠረ፣ ጀልባዋ ተንሸራተተች። እናንተዬ! ስንት ዓመት ሙሉ ሰው ሲገፋት የኖረችን ሴት፣ ያን ቀን የሚወስዳት ነፋስ ሆነ። ከዚያ ወዲያ የሚያስቀራት አልተገኘም።

«መሳፈሩስ ይሁን፤ እጇ የማይታዘዝላት እንዴት አድርጋ ትነዳዋለች?» ማለታችሁ አይቀርም። ልክ ናችሁ፤ የታሪኩ ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው።

የባለ ሸራ ጀልባ ጉልበት ነፋስ ነው። ከሰው የሚፈለገው ሦስት ነገር ነው፦ መሪውን ማዞር፣ የሸራውን ገመድ ማጥበቅና ማላላት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ፣ ማዕበሉ ወዴት እንደሚገፋ አይቶ መወሰን። ሁለቱን ሞተር ይሠራቸዋል። ሦስተኛውን የሚሠራው ጭንቅላት ነው፤ እሱ ደግሞ ለሂላሪ ሞልቶ ተርፏታል። ስለዚህ ለስላሳ የምንጠጣባቸውን የመሰሉ ሦስት ስትሮዎች አፏ አጠገብ ተደረደሩላት። አንዱ የመሪው ነው፤ እፍ ስትልበት ወደ አንድ ጎን፣ ስትስበው ወደ ሌላው ጎን ይዞራል። ሁለተኛው የሸራው ነው፤ በትንፋሿ ታጠብቀዋለች፣ ታላላዋለች። ሦስተኛው ለቀሩት መሣሪያዎች ነው። ጥበቡ ይህ ነው፤ ሌላ ተአምር የለበትም።

እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2005 ማሊን በምትባል ጀልባ ከዶቨር ተነሣች። ፊቷ ያለው በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል ያለው ባሕር ነው፤ ግዙፍ የጭነት መርከቦች ቀን ከሌት የሚመላለሱበት መተላለፊያ። ነገር ቢበላሽ የሚደርስላት አጃቢ ጀልባ በርቀት ይከተላታል፤ ማሊን ላይ ግን ያለችው እሷ ብቻ ነች። እፍ አለች፣ ሳበች፣ እፍ አለች፣ ሳበች፤ ከ6 ሰዓት ጉዞ በኋላ ፈረንሳይ፣ ካሌ ወደብ ገባች።

አላበቃችም። በ2008 ብሪታንያን ዙሪያዋን ልዞር ብላ ተነሣች። አየሩና ብልሽቱ ተባብረው መንገድ ላይ አስቀሯት። የብርዱ ወራት እስኪያልፍ ጠብቃ በ2009 ካቆመችበት ቀጠለችና ነሐሴ ሲያልቅ ተመልሳ ዶቨር ገባች። ብሪታንያን ብቻዋን በሸራ የዞረች የመጀመሪያዋ አካል ጉዳተኛ ሴት እሷ ሆነች። በ2014 ደግሞ ናሽዋ አል ኪንዲ ከምትባል ኦማናዊት መርከበኛ ጋር ከሕንድ፣ ከሙምባይ ተነሥታ የዓረብን ባሕር አቋርጣ ኦማን ደረሰች። በ2018፣ በ46 ዓመቷ አረፈች።

አሁን ልብ በሉልኝ። ባሕር ሰው አይለይም፤ ጠንካራውንም ደካማውንም እኩል ያናውጣል። የሚለየው ጀልባው ነው፤ ሠሪው ማንን አስቦ እንደሠራው። በአካል ጉዳተኞች ኦሊምፒክ (ፓራሊምፒክ) ይወዳደሩባት የነበረችውን ስከድ 18 የተባለች ጀልባ ውሰዱ። ሁለት ሰው ትይዛለች፤ ወንበሮቹ መሐል ላይ የተተከሉ ስለሆኑ ጀልባዋ ስታዘነብል ከጎን ወደ ጎን መዝለል አያሻም። ከሥሯ የተሰካው ከባድ ሚዛን ጠባቂ (ኪል) እንዳትገለበጥ ይይዛታል። እጁ የማይሠራለት ሰው በኤሌክትሪክ መሪ ይነዳታል። ደንቡም ራሱ ከሁለቱ ተወዳዳሪዎች አንደኛው ጉዳቱ የከበደ እንዲሆን ያስገድድ ነበር። ከአንገት በታች ሽባ የሆነ ሰው ለሜዳሊያ ከሚወዳደርባቸው ጥቂት ስፖርቶች አንዱ ይህ ነበር።

«ነበር» ያልኩት በምክንያት ነው። የሸራ ጀልባ ውድድር ከሲድኒ 2000 እስከ ሪዮ 2016 በአምስት ፓራሊምፒኮች ለሜዳሊያ ተካሄደ። በ2015 ግን ዓለም አቀፉ የፓራሊምፒክ ኮሚቴ ከቶኪዮ መርሐ ግብር አወጣው። ምክንያቱ ስፖርቱ በበቂ አገሮች አልተስፋፋም የሚል ነበር። ፓሪስ ላይም አልተመለሰ፤ የሎስ አንጀለስ 2028 ዝርዝር ውስጥም የለም።

ፍርዱን ለእናንተ ልተወው ብዬ ነበር፤ አላስቻለኝም። ጀልባ የሌለው አገር ተወዳዳሪ ከየት ያመጣል? ውድድሩ ከተሰረዘ ደግሞ ማን ብሎ ለጀልባ ገንዘብ ያወጣል? «አልተስፋፋም» ብሎ ማባረር እንዳይስፋፋ መፍረድ ነው። ሂላሪን ወደ ባሕር ያወጣት ሦስት ስትሮና ወደ ሐይቅ የወሰዳት ሰው ነው። ለሌሎቹም የሚያስፈልገው ከዚህ ብዙ አይበልጥምና፣ በሩን የዘጉት ሰዎች ይክፈቱት።